የወንድሜ መላጊያ

ጥቅምት 6 ቀን

ለማከብርሽና ለምወድሽ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት ጉልበትሽ ከሕመም፣ ልብሽ ከሐሳብ ነጻ ሆነው እንዲያገኛቸው ፈጣሪን እየለመንኩ ጀመርኩ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገና ከመግባቱ ጣቶቼን ይነክሰኛል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለብኝም።

ስልክ አልሰማም ብለሽ ስለከለከልሽኝ ይኸው ብዕር ይዤ ተቀምጫለሁ። ያ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጮህብሽ ኖሮ ጆሮሽን ወሰደው፤ እኔም በሱ ምክንያት ጸሐፊ ሆኜ ቀረሁ።

ሥራ ቀይሬያለሁ። አሁን ያለሁት ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ ነው። ሰዎች አገር ለቀው ሲሄዱ ቤታቸው ድረስ ሄደን ንብረታቸውን በካርቶን እናሽጋለን። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አንዲት ሴትዮ ዘንድ ሄድን። ሶፋውንም፣ ሳህኑንም፣ የሠርግ ፎቶዋንም ሳይቀር «ይጣል» ስትል ቆየችና የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ ጋ ስትደርስ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ይህን ንቀሉልኝ፣ ይዤው እሄዳለሁ» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ በጨለማ እየዳበሰች የምታገኘው እሱን ነው አሉ። የሥራ ባልደረባዬ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ካቻቢቴዬን አውጥቼ ነቀልኩላት። ሰው ምኑን እንደሚወድ አይታወቅም፣ አክስቴ።

የጠየቅሽኝን መነጽር ወደዚያ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። ክፈፉ ጠንካራ ነው፤ ብትቀመጭበትም አይሰበርም።

የአናጺ መሣሪያ ሳጥኔን እንደተለመደው አደራ። ከባድ ስለሆነ ብቻሽን አታንቀሳቅሺው። ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው፤ ከመሄዴ በፊት ሁሉንም ዘይት ቀብቼ ስለዘጋሁት አየር ከገባበት ይዝጋል። እንዳለ ይቀመጥልኝ።

እጅሽን እየሳምኩ፣
ልጅሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ያለህበት አገር መንገዱም ሰዉም ይቅናህ። ዓይን አይብላህ፤ የሚያይህም ካለ ደግ ደጉን ይይልህ።

መነጽሩ ደርሶኛል፣ ተባረክ። ባደርገው ለካ ቤቴ እንዲህ ቆሽሿል! ሁለት ቀን ሙሉ ግድግዳ ሳጥብ ከረምኩ። በመስታወትም ራሴን አየሁና «ይህቺ አሮጊት ደግሞ ከየት መጣች?» ብዬ ልቆጣት ነበር። የእጅ ጽሕፈትህም ይህን ያህል የዶሮ ጭረት መሆኑን ዛሬ ገና ነው ያየሁት። እስከዛሬ ጥፋቱን በዓይኔ ሳላክክ ኖሬያለሁ፤ ዓይኔን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ሳጥንህ እግርጌዬ እንዳለ ነው። ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ ያለችኝን አንዲት ላስቲክ እሱ ላይ ጣልኩና እኔ በስብሼ ከረምኩ። እሱን ግን አንድ ጠብታ አልነካውም። ያ አብሮህ ይሠራ የነበረው ቀጫጫ ጓደኛህ «መጋዙን ለሦስት ቀን ብቻ አውሺኝ» ብሎ መጥቶ ነበር። በመጣበት እግሩ መለስኩት። አደራ ይከፈታል እንዴ!

አንተ ሳጥኑን የምትወደው እንጀራህ ስለሆነ ነው። እኔ ግን ውስጡ ወንድሜ አለበት። ነግሬህ አልጠግብም፤ ዛሬም ልንገርህ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ልብስ ስተኩስ የጋለውን ካውያ የአባትህ መላጊያ እጀታ ላይ አሳረፍኩበት። ጭሱ ሲወጣ «አለቀልኝ» ብዬ አልጋ ሥር ገባሁ። አባትህ ጎትቶ አወጣኝና ጥቁሩን ጠባሳ በአውራ ጣቱ እየደባበሰ «ጥሩ ነው፣ አሁን ከሰው መላጊያ ይለያል» አለኝ። በቃ፣ ሌላ ነገር አልተናገረኝም። ዕድሜ ልኩን በዚያ መላጊያ ሠርቶ፣ ሲሞት ለአንተ ተወው። አንተን ለእኔ ተወህ።

ስትሄድ «መሣሪያህን ካልተውክልኝ አልመርቅህም» ያልኩህ ለምን ይመስልሃል? ብረት ሊጠቅመኝ ነው? መሣሪያውን ትቶ የሄደ አናጺ መመለሱ አይቀርም ብዬ ነው። ያ ሳጥን እግርጌዬ እስካለ ድረስ አንተም መንገድ ላይ ነህ። «ሁለት ዓመት» ብለህ ይኸው አራተኛው ሊያልቅ ነው፣ አንተ ቀጣፊ።

ገንዘብ አትላክልኝ፤ ጡረታዬ ይበቃኛል። የምትመጣበትን ቀን ላክልኝ።

ሁሌም በር በሩን የምታይ፣
አክስትህ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ልጄ፣ ሰላምታውን ራስህ ሙላው። ተዘርፈናል!

ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ አንድ አናጺ ሱቅ ከፍቷል። ከማዶ ሠፈር ነው የመጣው። ሰው «ዝምተኛው» ነው የሚለው፤ በቀን አሥር ቃል አይወጣውም። የጠረጴዛዬ እግር ስለተነቃነቀ ትናንት ጠዋት አሸክሜ ሄድኩ። «አረፍ በይ እማማ» ብሎ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝና ሥራውን ቀጠለ። ጣውላ እየላገ ነበር። ፍቅፋቂው እንዴት አምሮ ይወጣ እንደነበር እያየሁ ሳለ እጁ ከፍ ሲል እጀታውን አየሁት። ጥቁር ጠባሳ። የካውያ ጫፍ። እኔ ያቃጠልኩት! ይህን መነጽር ባትልክልኝ ኖሮ አጠገቡ ተቀምጬ አላየውም ነበር።

ክው ነው ያልኩት። ከዚያ ተነስቼ መላጊያውን ከነእጁ ያዝኩና «ሌባ! የወንድሜ ነው!» አልኩ። ድምፄን ልኩን እንደማላውቀው ታውቃለህ፤ ጋራዡም መንደሩም ተገልብጦ ወጣ። «ገዝቼው ነው፣ እማማ» አለ። «ከማን?» ብለው «ከአንድ ልጅ» ብሎ መሬት መሬት አየ። ንጹሕ ሰው መሬት ያያል? «ልጁ ማን ነው?» ቢሉት አፉን ለጎመ። ፖሊስ መጥቶ ወሰደው፤ መላጊያውም ጣቢያ ገባ።

ሳጅኑ «ሳጥኑን ከፍተሽ ምን እንደጎደለ እይ» አለኝ። «አደራ ነው፣ ባለቤቱ ሳይኖር አልከፍትም» ብዬ ፊት ነሳሁት። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም፤ በምን ጥበብ እንደገባበት እሱ ያውቃል። ቤት ገብቼ ሁለት እጄን ሳጥኑ ላይ አድርጌ ነቅነቅ አደረግኩት። ብረት ከብረት ሲጋጭ በመዳፌ ተሰማኝ። ተመስገን፣ ሌላው አለ። መላጊያውን ብቻ መርጦ ነው የወሰደው፣ እጁ ይሰበር!

ሳጅኑ ያንተን ቃል ይፈልጋል። አንዲት መስመር ትበቃለች፤ «መላጊያው የኔ ነው፣ ለማንም አልሸጥኩም» በልና ፈርምበት። ሰውየው ለትምህርት ቤቱ አርባ አግዳሚ ወንበር ሊሠራ ተዋውሎ ነበር አሉ። ዳይሬክተሩ ወሬውን ሲሰማ ሰርዞበታል። ደግ አደረገ!

ቶሎ በል።
አክስትህ


ጥር 14 ቀን

ልጄ፣ ጤናህን ይስጥህ።

ደብዳቤዬ ደርሶሃል? ሰውየውን ሁለት ቀን አቆይተው «ማስረጃ የለም» ብለው ለቀውታል። ያው ሱቁን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ማንም ግን ሥራ አይሰጠውም። በፊቱ ሳልፍ ቀና ብሎ ያየኛል። አንድ ስድብ ከአፉ አልወጣም። ተሳድቦ ቢገላግለኝ ይሻለኝ ነበር።

የጠየቅኩህ አንዲት መስመር ናት። አመመህ እንዴ? ካመመህ መላጊያውም ገደል ይግባ፤ ደህንነትህን ጻፍልኝ።

አክስትህ


የካቲት 9 ቀን

ለውድ አክስቴ፣

ጤናና ዕድሜ ከደስታ ጋር ይስጥልኝ። በመዘግየቴ በጣም አዝናለሁ። በፈረንጆቹ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዕቃ የሚያጓጉዝ ሰው ይበዛል፤ ጎንበስ እንዳልኩ ነው የምውለው። አላመመኝም፣ አትስጊ።

ያልሽውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ደነገጥኩ። ግን አክስቴ፣ እንደው በሞቴ፣ አንድ የዕንጨት መላጊያ ነው። በዚህ ዕድሜሽ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ልትጠኚ ነው? ደግሞም የካውያ ምልክት ያለበት ሌላ ዕቃ አይጠፋም። የሱ ቢሆንስ? የእኛም ቢሆን ሰውየው የቤተሰብ ኃላፊ ይሆናል፤ ምን ጎድሎበት እንዳደረገው አናውቅም። ይቅር በይው። እኔ በበኩሌ ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ። ይህን ደብዳቤ አሳይተሽው ነገሩ በዚሁ ይብቃ።

ሳጥኑን ግን እባክሽ አትነካኪው።

እዚህ አለቃዬ በጣም ነው የሚወደኝ። ጥሩ አሻጊ ማለት ካርቶኑን ሲወዘውዙት ውስጡ ምን እንዳለ የማያሳብቅ ነው ይላል። ባዶ ቦታ ሲተርፍ ወረቀት ጨምድደን እንሞላዋለን፤ ከዚያ ብርጭቆም ይሁን ድንጋይ ማንም አያውቅም። በዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የለኝም።

ስለ መምጣቴ፣ ዘንድሮ የሚሆን አይመስለኝም። ወፍራም ካፖርት ልኬልሻለሁ፤ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ገንዘብ አለ።

የሚወድሽ ልጅሽ


መጋቢት 20 ቀን

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤህን ይዤ ዝምተኛው ዘንድ ሄድኩ። እንዴት ኮርቼ እንደሄድኩ ባየኸኝ! «ልጄ እንዴት ያለ አንጀት አለው፣ በተዘረፈበት ይቅር ይላል» እያልኩ፣ አዲሱን ካፖርት ደርቤ። ሱቁ ውስጥ አንድ የተሰበረ በርጩማ ብቻ ነበር የሚጠግነው። ወረቀቱን ተቀብሎ ቀስ ብሎ አነበበ። አጥፎም መለሰልኝ። ከዚያ መስማት እንደምቸገር ያውቃልና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ተናገረ፤ ከዚህ ሰው አፍ ያን ያህል ቃል ሲወጣ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«እማማ፣ የሸጠልኝ ልጅ ግራ አውራ ጣቱ ላይ የመሮ ጠባሳ አለው። መሣሪያውን በሙሉ አስረከበኝ። መላጊያውን ግን ሁለት ጊዜ ሰጥቶኝ ሁለት ጊዜ መልሶ ወሰደው። በመጨረሻ ሲተውልኝ ‹የአባቴ ነው፤ አክስቴ እንዳትሰማ፣ ቃል ግባልኝ› አለኝ። ገባሁለት። ያን ጠዋት ‹የወንድሜ ነው› ስትይ አክስቲቱ አንቺ መሆንሽ ገባኝ።»

ታዲያ ለምን ለፖሊስ አልተናገርክም አልኩት።

«ቃል ገብቼ ነበርኮ» አለኝ።

ያ አውራ ጣት ያንተ ነው። እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ዘነዘናውን አንስቼ ጓጉንቸሩን ቀጠቀጥኩት። አራት ዓመት ሙሉ ላስቲክ ያለበስኩትን ሳጥን ከፈትኩት።

ሥራህ እንከን የለውም፤ አባትህ ቢያየው ያደንቅህ ነበር። የጣውላ ቁርጥራጩን እንደ መጋዙና እንደ መዶሻው ቁመት ለክተህ ደርድረኸዋል። ክብደቱ እንዳይጎድል ሁለት ጡብ። ጡቦቹን የጠቀለልክባቸው ደግሞ እኔ ከሆስፒታል ቁራጭ እየለቀምኩ የሰፋሁልህ የትራስ ልብሶች ናቸው፤ ስፌቴን አወቅኩት። ከላይ ዝገት የበላቸውን የበር ማጠፊያዎች በሲባጎ ላላ አድርገህ አስረሃል፣ እንዲጋጩ። እሱ ላይ ነው ቁጭ ብዬ የቀረሁት። የማይሰማ ጆሮ እንዳለኝ ታውቃለህ። ታዲያ ማጠፊያው ለምንድን ነው? ናፍቀኸኝ ሳጥኑን በእጄ እንደምነቀንቀው አስበህበታላ! ይህን ያህል ታውቀኛለህ። ይህን ያህል የሚያውቀኝ ሰው ነው የሠራብኝ።

መሸጥህን እችለው ነበር። እግዜር ያውቃል፣ «ቸገረኝ፣ ሸጥኩት» ብትለኝ አልቅሼ፣ ተራግሜህ፣ ማታውኑ ራትህን አቀርብልህ ነበር። አራት ዓመት ባዶ ሳጥን ማስጠበቅህንም፣ ይሁን፣ እኔ ሞኝ ነኝ። ግን «ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ»! ዓይንህን በጨው አጥበህ! መላጊያውን ራስህ የሸጥክለትን ሰው፣ አንተን ደብቆ የታሰረልህን ሰው፣ አንተ ይቅር ባይ ሆነህ ቁጭ አልክ? ያንን ይቅርታ ደግሞ በእኔ እጅ ላክህ? እኔስ? ሰውን በአደባባይ ሌባ ያልኩት በማን ተማምኜ ነው?

ለእኔ አትጻፍ። ለእሱ ጻፍ። በስምህ፣ በፊርማህ፣ ያለ ሽፍንፍን። ሌላ ምንም አልፈልግም።


ሚያዝያ 15 ቀን

አክስቴ፣

አትጻፍ ብለሽኛል። አውቃለሁ። ለእሱ የጻፍኩት ከዚህ ጋር በተለየ ወረቀት አለ። ይህኛውን ባታነቢውም ይገባኛል።

የጉዞ ቲኬት መግዣ ጎድሎኝ ነበር። ካንቺ ላለመጠየቅ ብዬ መሣሪያውን ሸጥኩት። ከስምንት ቀን በኋላ አንቺ «መሣሪያህን ትተህልኝ ሂድ» አልሽ። ያን ጊዜ «የለም» ማለት ነበረብኝ። ፊትሽን አየሁና አቃተኝ። በማግስቱ የጓደኛዬ ሱቅ ውስጥ ገብቼ ስሠራው ዋልኩ። እያለቀስኩ ሠራሁት ብልሽ ውሸት ነው። ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት፤ ስጨርስም ነቅንቄ አይቼው ደስ ብሎኛል። ዛሬ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ገንዘብ ይዤ መጥቼ ሁሉንም መልሼ እገዛለሁ፣ ሳጥኑን በድብቅ እሞላዋለሁ፣ ሳታውቂም ያልፋል ብዬ ነበር። አልሆነም። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም። የመኖሪያ ወረቀቴን ካገኘሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። መምጣት እችል ነበር። ቲኬት ለመቁረጥ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሳጥኑን ተንበርክኬ ስከፍተው ይታየኛል፤ አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ። ሁለቱንም ጊዜ ከመስኮቱ ተመለስኩ። እንድመለስ ብለሽ ያስቀመጥሽው ሳጥን ነው ያስቀረኝ።

ስለ ሰውየው የጻፍሽው ሲደርሰኝ እውነቱን ጽፌ ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ከዚያ «ይቅር በይው» የሚለው ሐሳብ መጣልኝ። ያን ዕለት ቀላል መስሎ ነበር የታየኝ።

እጅሽን ልሳም አልልም።


ግንቦት 3 ቀን

ሁለቱም ወረቀት ደርሶኛል። ያንተንም አንብቤዋለሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ አላነበብኩትም።

መጀመሪያ ጣቢያ ሄጄ ለሳጅኑ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሳጥኑን ክፈቺ ብዬሽ ነበርኮ» አለኝ። ብሎኛል። ፈርሜ መላጊያውን ተቀበልኩ። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ዘንድ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ለመንኩት። አርባውን ወንበር ሌላ ሰው ሠርቶ አስረክቧል፤ ልጆቹ ተቀምጠውበት አየሁ። እሱን አንተም እኔም አንመልስለትም።

ዝምተኛው መላጊያውን በእጄ ሲያይ «የወንድምሽ ነው፣ ውሰጂው፣ እማማ» አለኝ። ልቤ ፈልጎት ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። አንድ አፍታ ያዝኩት። ከዚያ «ከፍለህበታል» ብዬ ሥራ ማሠሪያው ላይ አስቀመጥኩለት። ይቅርታ ስለምነው «ተይው» አለኝ። እንባዬ ሲመጣ በርጩማ ሰጠኝና ወደ ሥራው ዞረ።

ደብዳቤህን ግን ለብቻው አልሰጠሁትም። ሌባ ያልኩት በሰው ፊት ነበርና የጋራዡ ሠራተኞች ምሳ የሚወጡበትን ሰዓት ጠበቅኩ። መካኒኮቹ፣ ቲኬት ቆራጮቹ፣ አውቶቡስ የሚያጥቡት ሴቶች፣ ያን ጠዋት የነበሩት ሁሉ መጡ። መነጽሬን አድርጌ ሱቁ በር ላይ ቆምኩና አነበብኩት። ድምፄን ለመጀመሪያ ጊዜ አውቄ ከፍ አደረግኩት። «መሣሪያውን በሙሉ በፈቃዴ ሸጬለታለሁ። የሰረቀኝ የለም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ለእኔ ብሎ ዝም አለ» እስከሚለው ድረስ፣ ከፊርማህ ጋር። ዝምተኛው ውስጥ ሆኖ ጣውላውን ይልጋል፤ ቀና አላለም።

ካፖርቱን እለብሰዋለሁ፣ ክረምት እየመጣ ነው። ገንዘቡን በመጣበት ሰው እጅ መልሻለሁ። ሳጥኑን ዝምተኛው ወስዶ ቁርጥራጩን ሥራ ላይ አውሎታል። ና አልልህም፣ ቅርም አልልህም። ትልቅ ሰው ነህ፤ መንገዱን ታውቀዋለህ።

ያን ዕለት አንብቤ ጨርሼ ወረቀትህን ሳጥፍ ከአውቶቡስ አጣቢዎቹ አንዷ መጥታ ክንዴን ያዘችና በጆሮዬ ጮኸችብኝ። «ማነው እሱ፣ ልጅሽ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም፣ የወንድሜ ልጅ ነው» አልኳት።

አክስትህ